ሐረጎ ላይ እንገናኝ

የጋለ ፍሬን ሽታ የት ላይ እንደሚጀምር ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ከደሴ ወጥተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንይዝ፣ ሁለት ሦስት ጠመዝማዛ እንዳለፍን፣ ከፊት የሚያዘግም ተሳቢ አይጠፋም፤ ከጎማው ሥር ጉሮሮ የሚከረክር ጠረን ይነሳና በሚኒባሱ መስኮት ይገባል። ባለፈው ሰሞንም እንዲሁ ሆነ። ኮምቦልቻ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ፋጡማ፣ "አክስቴ፣ በዚህ ጉልበትሽ ደሴ ላይ ክረምት አትገፊም፤ እኔ ጋ ነይና ሙቂ" ብላ አላስቀምጥ ስላለችኝ ሻንጣዬን ይዤ እየወረድሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና "እማማ፣ መስኮቱን ልዝጋው? ሽታው ያሳምምዎታል" አለችኝ። "ተይው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ" አልኋት። ለምጄዋለሁ ያልሁት ሌላ ቃል አጥቼ ነው። ናፍቆኛል ብላት አሮጊቷ ጃጀች ትለኝ ነበር።

መንገዱ አጭር ነው። ዛሬ ከደሴ የተነሳ ሰው ስልኩን አውጥቶ ከአንዱ ጋር ወሬ ቢጀምር ወሬው ሳያልቅ ኮምቦልቻ ይገባል። በእኛ ጊዜ ግን ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት አገር ነበሩ። ከላይ ጦሳ ተራራ ሥር እኛ ካፖርት ደርበን ጥርሳችን ይንገጫገጫል፤ ከታች ቦርከና ወንዝ ዳር ሰዉ በሽርጥና በካናቴራ ይውላል። ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች ግራርና ቁልቋል። የምንሳፈረው በውይይት ነበር፤ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት የተገጠመላት፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥባት ታክሲ። ሒሳቡ አንድ ብር ከስሙኒ ነበር መሰለኝ፤ እናቴ ብሩን ከመቀነቷ እየፈታች ስሙኒውን ለማስቀረት ሁልጊዜ ትከራከር ነበር። ሹፌሮቹ ቴፕ ነበራቸው። ቁልቁለቱን በባቲ፣ ዳገቱን በአምባሰል ካልሆነ አልነዳም የሚል አንድ ቀጭን ሹፌር ትዝ ይለኛል፤ አርብ አርብ ግን መንዙማ ብቻ ነበር የሚያሰማን። ጎረምሶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ቦላሌ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው ከኋላ ይንጠለጠላሉ። ነፋሱ ቦላሌውን ሲያራግበው እኛ ሴቶቹ በሻሻችን ተከልለን እንስቃለን።

ከነዚያ ቦላሌዎች ብዙዎቹን የሰፋው አባቴ ነው። ሰኞ ገበያ፣ አንድ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ዕድሜውን የገፋ ልብስ ሰፊ ነበር። "ይሄ ጨርቅ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር፤ ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ዘመን ነው!" እያለ ያጉረመርማል፤ ግን በደሴ የእሱን ያህል አሳምሮ የሚቆርጠው አልነበረም። ቁጡ ሰው ነበር። አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። የሚለሰልሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለታላቅ እህቴ ለሰዓዳ።

እኔ እታለም ነበር የምላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም ነበረባት። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሆጤ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ሲያለብሰው ደረቷ ይዘጋል፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ይሰማል። ያን ጊዜ አባቴ መቀሱን ጥሎ ይመጣና በጋቢ አዝሏት በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አሁን ይለቅሻል፣ አብሽሪ" ይላታል። ትልቅ ልጅ ሆና፣ እግሯ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እንኳ ያዝላት ነበር። እያደገች ስትሄድ ባሰባት። በመጨረሻ ሐኪሙ አባቴን ጠርቶ "ይቺን ልጅ የደሴ ብርድ አይሆናትም፤ ቆላ ብትወርድ ይሻላታል" አለው። አባቴ ራሱ ሻንጣዋን አንጠልጥሎ፣ ራሱ አሳፍሮ፣ ኮምቦልቻ ታናሽ ወንድሙ ቤት አደረሳት። ክረምቱ እስኪያልፍ ነበር የተባለው።

እታለም ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ሰው ሆነች። ልንጠይቃት ስንወርድ ጉንጯ ሞልቶ፣ ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቀውን ረዥም ሳቅ ስትስቅ አገኘናት። ለካ ደሴ ሳለች ትስቅ የነበረው እየቆረጠች ኖሯል፤ ትንፋሽ እንዳያጥራት። የአጎቴ አጥር ጥግ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ጎሚስታ ቤት ነበረች፤ የሚሠራባት ሙሄ የሚባል ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ወጣት ነው። ሐረጎን የሚወጡና የሚወርዱ መኪኖችን ጎማ ሲጠግን ይውላል። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። ክረምቱ አለፈ፤ እታለም አልተመለሰችም። በምትኩ ሽማግሌዎች መጡ።

አባቴ እነዚያን ሽማግሌዎች ቁጭ በሉ እንኳ አላላቸውም። እሱ ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ወዳጁ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቶ ኖሯል። "ልጄን ወደ ቆላ የላክኋት ትንፋሽ እንድታገኝ ነው፤ ለጎማ ጠጋኝ ልሰጣት አይደለም" አላቸው። "አያ ሰይድ፣ ልጁ እኮ ሸጋ ነው፤ ሰላቱን አያጓድል፣ ሥራውን አይጠላ" ቢሉት በሩን አሳያቸው። አጎቴ ግን የልጅቱን ልብ በቅርብ ያይ ነበርና፣ አባት ያለ ምክንያት እምቢ ካለ አጎት ይቆማል ተብሎ ኒካዋን እሱ አሰረላት። ወሬው ሰኞ ገበያ የደረሰ ዕለት አባቴ በረንዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወላሂ! ከዛሬ ጀምሮ እግሬ ኮምቦልቻን አይረግጥም!" ብሎ ማለ። ከዚያ ቁጭ አለና የጀመረውን ሱሪ ሰፋ።

እታለም መጥታ እግሩ ላይ እንዳትወድቅ ደሴ ለእሷ አይሆናትም። አንድ ጊዜ ሞክራው ነበር። ለኢድ ስትመጣ ገና ከተማው መግቢያ ላይ ትንፋሿ ተቆርጦ፣ ቤታችን ሳትደርስ ሆስፒታል ገብታ፣ ከዚያው ወደ ታች ተመለሰች። እሱ ደግሞ ምሏል፣ አይወርድም። በዚህች አጭር መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች እንዲህ ተለያይተው ተቀመጡ።

እኔና እናቴ እየወረድን እንጠይቃት ነበር። ስንመለስ አባቴ ስለ እሷ አንዲት ቃል አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው።

"መንገዱ እንዴት ነው?" ይላል፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ።

"ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ" ትላለች እናቴ።

"ጉም አልነበረበትም?"

"የለም፤ ጥርት ያለ ነው።"

ስለ ማን እንደሚወራ ሦስታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን እናቴ፣ "መንገዱ ደህና ነው፤ ግን ትንሽ ከበድ ብሏል። ወር ሁለት ወር ቢቀረው ነው" አለችው። እታለም አርግዛ ነበር። አባቴ መርፌውን እንደያዘ "ቀስ ብለው ይሂዱ በያቸው" አለ።

ልጅቷ ተወለደች፤ ፋጡማ ተባለች። ያን ጊዜ የእናቴ ትዕግሥት አለቀ። እሁድ ጠዋት ነው፣ አባቴ ቤት ውስጥ የራሱን ኮት ቁልፍ ይተክላል።

"አንተ ሰው፣ የማልኸው ምን ብለህ ነው?" አለችው።

"ታውቂው የለም ወይ።"

"ኮምቦልቻን አልረግጥም ብለህ ነው። ሐረጎን አልረግጥም ብለሃል?"

አባቴ ቀና አለ። "ሐረጎ ምን አለ?"

"ወይራ አለ። ጥላ አለ። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጅህ ትመጣለች።"

አባቴ ቁልፉን ተክሎ ጨረሰ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ኮቱን ለበሰ።

ከሐረጎ ጠመዝማዛዎች በአንደኛው ላይ መንገዱ ሰፋ ይላል። በዚያን ጊዜ ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪኖችና ተሳቢዎቹ ፍሬናቸውን የሚያበርዱት እዚያ ነበር። ሹፌሮቹ ወርደው ጎማ ሥር ድንጋይ ያደርጋሉ፤ ጎማው አካባቢ ውሃ ያፈሳሉ፤ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ሽታው ቦታውን ይሞላዋል። ከመንገዱ በላይ አንዲት ወይራ ነበረች። አየሩ የደሴም አይደለም፣ የኮምቦልቻም አይደለም፤ እሷን አያፍናትም፣ እሱንም መሐላ አያስፈርሰውም።

እታለም ከታች ከመጣችው ውይይት ወረደች። ቢጫ ሻሽ አስራ፣ ልጇን ታቅፋ። አባቴን ስታይ ቆመች። እሱም ቆመ። ከዚያ ሕፃኗን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ እሱ ሄደች፤ ጉልበቱን ልትስም ስትጎነበስ በብብቷ ይዞ አነሳት።

"ደረትሽስ?" አላት። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

"ደህና ነኝ አባዬ። አፉ በለኝ።"

"ሽቅብ ስትወጪ አላፈነሽም?"

"አላፈነኝም። አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ አባዬ።"

"አፉ ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ" አለ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ። ሲመለስ ከኮቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። በልኬት ሳይሆን በግምት የሰፋት የሕፃን ቀሚስ ናት፤ ፋጡማ ሦስት ዓመት ሲሞላት እንኳ ትሰፋታለች። እናቴ ሳቀች። "ትደርስባታለች፤ ልጅ እኮ ያድጋል" አለ አባቴ፣ ትንሽ አፍሮ።

ሙሄ ከታክሲው አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ቆዳው ቀልቷል። አባቴ አየት አደረገውና ለእታለም፣ "ያን ሰው ጥላ ውስጥ ይግባ በዪው" አላት። ለብዙ ጊዜ በመካከላቸው የነበረው ንግግር ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየእሁዱ፣ ካልተመቸም በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐረጎ ላይ እንገናኝ ነበር። እኛ ድንች፣ የባቄላ እሸትና ቆሎ ይዘን እንወርዳለን፤ እነሱ ብርቱካን፣ ሎሚና ፓፓያ ይዘው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ብርቱካን በዘንቢል የሚመጣ እንጂ በኪሎ የሚገዛ ነገር አይመስለኝም ነበር። ሹፌሮቹ ለምደውን "ዘመዶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ!" እያሉ ጥሩምባ ነፍተው ያልፋሉ። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ይመጣና ፋጡማን ይለካታል። እታለም ቤቷ ሆና የሰው ልብስ መስፋት ጀምራ ነበርና ሥራዋን ታሳየዋለች። "ይቺ ጠርዟ ተጨማድዷል፤ ፍቺና ድገሚያት" ሲላት፣ "እሺ አባዬ" ትልና ለእኔ ጥቅሻ ትሰጠኛለች። ሆን ብላ እያጨማደደች እንደምታመጣው እኔ አውቃለሁ፤ ቁጣው ናፍቋት ነው።

ባለፈው ሚኒባሱ እዚያ ሲደርስ አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ወይራዋ የለችም። በቦታዋ የታሸገ ውሃና ብስኩት የሚሸጥባት የላስቲክ ዳስ ቆማለች፤ በገደሉ በኩል የግንብ መከለያ ተሠርቷል። ኮንቴይነር የጫኑት ረዣዥም መኪኖች ሳይቆሙ ይወርዳሉ። ሹፌራችን ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሀል አጣብቆ፣ ያችን ቦታ በአንድ የመሪ ዙር አለፋት። "እዚህ ጋ ወራጅ አለ" ልለው ከጅሎኝ ነበር። ወርጄ ምን ልሠራ?

በእነዚያ የሐረጎ ዓመታት መሀል የመስጊዳችን ሼህ አባቴን መክረውት ነበር። "ሰይድ፣ የመሐላ ማካካሻ አለው። አሥር ሚስኪን አብላ፤ ካልቻልህ ሦስት ቀን ጹም፤ ከዚያ ልጅህ ቤት ግባ። አላህ መሓሪ ነው" አሉት። እቤታችን ቁጭ ብለው ሲነግሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ኢንሻአላህ" አላቸው። እናቴም በየጊዜው ታነሳበታለች። "ኢንሻአላህ፤ አስቤበታለሁ" ይላል። ሐረጎ ስላለ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ኬላ የበዛበት ዘመን መጣ። መታወቂያ፣ ፍተሻ፣ ውረዱ፣ ተመለሱ። መንገዱ ለወራት የተዘጋበት ጊዜ ነበር። አባቴ እሁድ እሁድ ኮቱን ለብሶ ከተማው ዳር ድረስ ይሄድና ቆሞ ቆሞ ይመለሳል። ሲከፈት እታለም ከስታ መጣች። የታችኛው ሙቀትም እንደ ድሮው አልጠቀማት። ትጀምርና ወሬዋን በመሀል ትቆርጠዋለች፤ ሳቋም እንደ ልጅነቷ አጭር ሆነ።

"አባዬ፣ አንድ ቀን ቤቴን አታይልኝም? ግቢዬ ውስጥ ብርቱካን ተክዬ እኮ አፈራ" አለችው አንድ እሁድ።

አባቴ ብዙ አሰበ። "ክረምቱ ይለፍና ኢንሻአላህ እመጣለሁ" አላት። እናቴ በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ክረምቱ ገና እኩሌታ ላይ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ ሐረጎ ላይ ናዳ ወረደ። በዚያው ዕለት አጎቴ ወደ ጨርቅ መደብሩ ስልክ ደወለ። ሰዓዳ ታፍናለች፣ ታች ያለው ክሊኒክ ወደ ደሴ ሆስፒታል ውሰዷት ብሏል፣ ሙሄ ይዟት ወጥቷል፣ መንገዱ ግን ተቆርጧል። አባቴ የሚሰፋውን ልብስ ከመርፌው ሥር ሳያወጣ ተነሳ። ምሳውን ላደርስለት መጥቼ ነበርና ተከተልሁት። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ናዳው ድረስ ወረድን።

ጭቃና ድንጋይ መንገዱን ሞልቶታል፤ የተነቀለ ባሕር ዛፍ ተጋድሞበታል። ከወዲያ በኩል የቆሙ መኪኖች በጉሙ ውስጥ ይታያሉ። ከመሀላቸው ሙሄ ወጣ። እታለምን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አዝሏታል፤ እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ናዳውን ያቋርጣል። ሰዉ "ተመለስ! ከላይ እየወረደ ነው!" ብሎ ይጮህበታል። አይሰማም። መሀል ሲደርስ እግሩ ተያዘና ቆመ። ያን ጊዜ አባቴ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። ስልሳን ያለፈ ሰው ነበር። "አባዬ!" ብዬ ኮቱን ብይዘው ኮቱን እጄ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

"አምጣት" አለው ሲደርስ።

"ይከብድዎታል አባቴ፤ እርስዎ እጄን ብቻ ይያዙኝ።"

"አምጣት ልጄ። እሷን ማዘል እኔ አውቅበታለሁ።"

ልጄ ሲለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሙሄ ጀርባውን አዞረለት፤ አባቴ አዘላት። አንዱ ተሸክሞ፣ ሌላው ከኋላ ደግፎ ወደ እኛ መጡ። "አብሽሪ፣ ደረስን፣ አሁን ይለቅሻል፣ አብሽሪ" ይላታል አባቴ። እታለም ጉንጯን ትከሻው ላይ አሳርፋለች። ዓይኗ ክፍት ነበር። አየችኝ። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሆስፒታል ደርሳለች። ኦክስጅን ተደርጎላታል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል። ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ዝናቡ ቆም ሲል፣ ትንፋሿም ቆመ።

የሆጤ ሰዎች ቀብሩን ሊያሰናዱ ተነሱ። ሙሄ ጭቃው ደርቆበት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ የት ትቀበር ብሎ የጠየቀው የለም።

"የት ልታሳርፏት ነው?" አለ አባቴ።

"እዚሁ ነዋ አያ ሰይድ፤ ከወላጆችህ አጠገብ።"

"ደሴ ብርድ ነው" አለ አባቴ። "አይስማማትም።"

አባቴ ቀጠለ። "ቤቷ ኮምቦልቻ ነው። ባሏና ልጇም እዚያ ናቸው። እኔ አወርዳታለሁ" አለ። አንድ ጎረቤት ቀስ ብሎ፣ "መሐላህስ?" አለው።

በማግስቱ ጠዋት ግሬደር ናዳውን ጠርጎ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ከፈተ። አባቴ ጭነት መኪና ላይ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጦ፣ በጋቢው ከነፋሱ እየከለላት ሐረጎን ወረደ። ከቀብር በኋላ ሙሄ እጁን ይዞ ቤት አስገባው። አባቴ እታለም የስፌት መኪና አጠገብ ተቀመጠና የጀመረችውን ልብስ አንስቶ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። አንዲት ጭምድድ አልነበረበትም።

የመሐላውን ማካካሻ በዚያው ሳምንት አደረገ፤ ሚስኪኖቹን ያበላው እዚያው ኮምቦልቻ፣ በእሷ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አቅሙ እስኪከዳው አርብ አርብ ይወርድ ነበር። ከሙሄ ጋር ጁምዓ ይሰግዳል፤ ከዚያ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ወንበር ይሰጠውና ጎማ ሲጠገን እያየ ይውላል። ስለ እሷ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሙሄ ከዓመታት በኋላ ደግ ሴት አገባ፤ ፋጡማን ያሳደገቻት እሷ ናት። በዚያ ኒካ ላይ ሙሄን ወክሎ ሽማግሌ የተቀመጠው አባቴ ነበር።

አንድ ቀን ሰኞ ገበያ በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ደፍሬ ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ሼሁ የነገሩህን ያኔውኑ ለምን አላደረግኸውም?"

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። "ቀድሜ የምሞተው እኔ መስሎኝ ነበር" አለ። "እኔ ስሞት መሐላውም ያበቃል ብዬ። ልጄ ትቀድመኛለች ብዬ እንዴት ላስብ?"

ክሩን በምራቁ አርሶ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ። ሳተው። ደግሞ ሞከረ፤ ሳተው። ዓይኑ ይሁን እጁ አላወቅሁም። መርፌውን ተቀብዬ አስገባሁለትና መለስሁለት።